ፌንሲንግን ከእግር መጀመር፦ አሰልጣኝ አጠገባችሁ ከሌለ፣ በደሴና በኮምቦልቻ

የፌንሲንግ (የጎራዴ ስፖርት) ልምምዳችንን የጀመርነው በስኒ ውሃ ነው። ደሴ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በጠዋት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና ሳይነሳ። የኮምቦልቻው ጓደኛዬ እስከ አፉ የሞላ ስኒ በቀኝ እጁ ይይዝና አምስት እርምጃ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ። ከዚያ ተራው የኔ ይሆናል። ውሃ ያፈሰሰ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የመጀመሪያ ቀን የጓደኛዬ እጅጌ እስከ ክርኑ ርሶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም።

ይህን የምጽፈው «የጎራዴ ስፖርት ደስ ይለኛል፣ ግን አሰልጣኝ የለ፣ ዕቃ የለ፣ ከየት ልጀምር?» ለሚሉኝ ልጆች ነው። አብሽሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ዕቃ አይጠይቁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ርቀት፣ ከዚያ ማስክ (ፊት የሚሸፍነው የሽቦ መከላከያ)፣ መጨረሻ ላይ ብረት፣ ማለትም እውነተኛው መሣሪያ። ከብረቱ የጀመረ ሰው ወይ ቶሎ ይሰለቻል፣ ወይ ሰው ይጎዳል።

የትኛውን ልምረጥ?

ለጀማሪ ሦስት በር አለ፦ ፌንሲንግ፣ የጃፓኑ ኬንዶ፣ እና የድሮው የአውሮፓ የጎራዴ ጥበብ። እኔ የምመክረው ፌንሲንግን ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ፌንሲንግ እ.ኤ.አ. ከ1896ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ከኦሎምፒክ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ሕጉ የጠራ ነው፣ የማስተማሪያ ቪዲዮውም ሞልቷል። ሦስት መሣሪያ አለው። ፎይል ቀጭንና ቀላል ነው፤ ክብደቱ ከ500 ግራም አይበልጥም። ነጥብ የሚያስገኘው በጫፉ የሰውነት ግንድ ሲነካ ብቻ ነው፤ እጅና እግር አይቆጠርም። ኤፔ ከበድ ይላል፤ እስከ 770 ግራም ይፈቀድለታል። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጣት የትም ቢነካ ነጥብ ነው። ሳብር ደግሞ ከፈረሰኛ ጎራዴ የመጣ ነው። በጫፍም በስለትም ይመታል፣ ከመዳፍ በቀር ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ዒላማ ነው። ፍጥነቱ ዓይን አያስከድንም። ፎይልና ኤፔ እስከ 110 ሴንቲ ሜትር፣ ሳብር እስከ 105 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። «ስለት» ስል የተሳለ ማለቴ አይደለም፤ ሦስቱም ደነዝ ናቸው፣ ጫፋቸውም ድፍን ነው።

አሰልጣኝና ዳኛ ለሌላቸው ሁለት ሰዎች የሚመቸው የኤፔ ሕግ ነው። ቀድሞ የነካ ነጥብ ያገኛል፣ እኩል ከተነካኩ ሁለቱም ያገኛሉ። ክርክር የለውም። በፎይልና በሳብር ግን «ቅድሚያ» የሚባል ሕግ አለ። ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ስፖርቱ የሩቅ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በለንደን 2012 በፎይል ብር ሲያገኝ ለአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ፌንሲንግ ሜዳሊያ ሆነ። ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡበክሪ በሪዮ 2016 ነሐስ ወሰደች። በፓሪስ 2024 ደግሞ ቱኒዚያ በሳብር ብር፣ ግብፅ በኤፔ ነሐስ አገኙ። ሁለቱም ጎረቤት አህጉር አይደሉም፤ የኛው አህጉር ልጆች ናቸው።

ኬንዶ ውብ ነው። መሣሪያው ሺናይ ይባላል። ከአራት የቀርከሃ ስንጥቆች ታስሮ ይሠራል። ዒላማው ራስ፣ የእጅ አንጓ፣ ጎንና ጉሮሮ ነው፤ ሲመቱም ድምፅ አውጥተው ይጮኻሉ። ፉከራና ሽለላ ለሚያውቅ ወሎዬ ጩኸቱ አይከብደውም። የሚከብደው የትጥቁ ዋጋና የሚያርም መምህር ማጣት ነው። ልምምዱም በባዶ እግር ነው፤ በኅዳር የደሴ ጠዋት ደግሞ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር መቆም ከባድ ነው።

የድሮው የአውሮፓ ጥበብ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የጣሊያንና የጀርመን መምህራን ጽፈውና ሥለው ከተዉት የሚጠና ነው። ንባብ የሚወድ ሰው ይወደዋል። ግን በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅም ጎራዴ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ደነዝ ቢሆንም ጣት ይሰብራል። ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት።

የኛስ? ጎራዴና ሾተል የኛ ናቸው። ሾተል እንደ ማጭድ የተቆለመመው የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ለመውጋት ነው። የኛ ሰው ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ አብዛኛው ዓለም በግራ ነው። እነዚህን ማወቅ ደስ ይላል፣ ሽማግሌ ማስወራትም ደስ ይላል። ነገር ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያታችሁን ጎራዴ አውርዳችሁ እንዳትለማመዱበት። ስለታም ነው፤ የቆየ ብረት ደግሞ ውስጡ መሰንጠቁን በዓይን አታውቁትም። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስስ ዘይት ቀቡት፣ ወደ ሰገባው መልሱት።

ቦታና ሰውነት

የውድድር መስመሩ ፒስት ይባላል። ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ነው። ለመጀመር 8 ወይም 10 ሜትር ይበቃል፣ የግቢ በረንዳ እንኳ ይሆናል። የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ካገኛችሁ በኖራ መስመር አስምሩ። ፈቃድ ጠይቁ። ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች አንዱ በአንዱ ላይ ሲሰነዝር ያየ ጎረቤት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጥበቃውን፣ ባለቤቱን፣ አላፊ አግዳሚ እናቶችን ሳይቀር ቀድማችሁ አስረዱ። መሣሪያውን በመንገድ ላይ በእጅ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

አስፋልት ላይ አትለማመዱ፤ ጉልበት ይበላል። እርጥብ ሣርም ያንሸራትታል፣ በሐምሌና በነሐሴ ደሴ ላይ ሣር ሁሉ እርጥብ ነው። ደረቅ አፈር ወይም ጣውላ የተነጠፈበት አዳራሽ ምርጥ ነው። ጫማ ተረከዙ ያልወፈረ ይሁን። የሩጫ ጫማ ወፍራም ሶሉ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፤ የቤት ውስጥ ኳስ መጫወቻ ስኒከር ይሻላል።

ስለ ትንፋሽም አንድ ነገር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሀረጎን ተራራ ወርዳችሁ ስትለማመዱ ሳንባችሁ የሰፋ ይመስላችኋል። የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ሲመጣ ደግሞ በአሥረኛው ደቂቃ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። እንግዳችሁን አታጣድፉት። በተቃራኒው ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ነው ጠላት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሩ፣ ውሃ ያዙ።

በጾም ወቅት ጠንከር ያለውን ልምምድ አሳርፉት። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓት ቀለል ያለ የእግር ሥራ ብቻ እንሠራለን። በዐቢይ ጾምም እንደዚያው። አንዱ ሲጾም ሌላውም አብሮ ቀስ ይላል።

እግር፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት አደራ።

አቋቋም። ቀኝ እጃችሁ የሚቀናችሁ ከሆነ ቀኝ እግራችሁን ወደ ባላጋራ አቅኑ። ግራ እግራችሁን ወደ ጎን አዙሩት። የሁለቱ ተረከዝ በአንድ መስመር ላይ ይሁን፤ መሬት ላይ በጠመኔ መስመር አስምራችሁ ተረከዛችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ። በመካከላቸው አንድ ተኩል ወይም ሁለት የጫማ ርዝመት ይኑር። አሁን ጉልበታችሁን እጠፉ። በርጩማ ላይ ልትቀመጡ ስትሉ ሐሳባችሁን የቀየራችሁ ያህል። ክብደታችሁ መሃል ላይ ይሁን። ጀርባ ቀጥ፣ ትከሻ ዘና። ግራ እጃችሁ የሚቀናችሁ ሁሉን ገልብጡት፣ ደስም ይበላችሁ፤ በዚህ ስፖርት ግራ እጅ ለባላጋራ ራስ ምታት ነው።

ወደፊት መሄድ። የፊት እግር ቀድሞ ይነሳል፣ ተረከዙ ቀድሞ ያርፋል። የኋላው ያንኑ ያህል ይከተላል። ወደ ኋላ ሲሆን የኋላው ይቀድማል። እግር ከእግር አይሳሳብም፣ አይጠላለፍም፣ አይጎተትም። እርምጃው አጭር ነው፤ አንድ ስንዝር ከምናምን። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ሲሄድ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ስኒው ይህን ያጋልጣል። ጉልበታችሁ ሲላላ ጭንቅላታችሁ ይነሳል፣ ጭንቅላታችሁ ሲነሳ ውሃው ይፈስሳል። ባላጋራ ደግሞ ከፍ ስትሉ ልትመጡ እንደሆነ ያውቃል።

ላንጅ (ወደፊት ተወርውሮ መውጋት)። ጂም የሄደ ሰው ስሙን ያውቀዋል፣ ግን የፌንሲንጉ ቅደም ተከተል የተለየ ነው። መጀመሪያ እጅ ይዘረጋል። እጁ ሳይዘረጋ እግር አይነሳም። ከዚያ የፊት እግር፣ ኳስ በተረከዝ እንደሚመታ፣ ወደፊት ይወረወራል፤ የኋላ ጉልበት በኃይል ቀጥ ይላል። የኋላ እግር መሬቱን አይለቅም። ስታርፉ የፊት ጉልበት ከጫማው ጣት አይለፍ። ካለፈ አረዝማችኋል፤ ነገ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ለመመለስ የኋላ ጉልበትን እጠፉና በፊት ተረከዝ ግፉ።

በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ጭንና ባት መዘርጋት። አንድ ነገር ጨምሩበት፤ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ አቋቋሙን ገልብጣችሁ በሌላኛው ጎን ሥሩ። ይህ ስፖርት አንዱን ጭን ብቻ ያወፍራል፣ ወገብንም ወደ አንድ ወገን ይስባል። እኔ ይህን ሳላውቅ አራት ወር ቆይቼ ወገቤን አሞኛል።

በስልካችሁ ከጎን ቅረጹ። ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ምንም አያሳይም። ከጎን ሲታይ ግን የኋላው ተረከዝ ሲነሳ፣ ትከሻ ሲቀድም፣ ሁሉም ገሃድ ይወጣል። የምትከተሉት የማስተማሪያ ቪዲዮ ከአንድ መምህር ይሁን። ከአምስት ሰው እየቀነጫጨባችሁ አትማሩ።

ርቀት፦ የስፖርቱ ልብ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቢቻል እኩያ፣ ካልሆነም ታናሽ ወንድም። የቴኳንዶ ወይም የካራቴ ክለብ ውስጥ ያሉ ልጆችን ጠይቁ፤ እግር ያውቃሉ፣ ሥርዓት ያውቃሉ፣ ብዙ ጊዜ አዳራሽም አላቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ካምፓስ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ መምህራንን አነጋግሩ።

የመጀመሪያው ልምምድ፦ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ሽመል ውሰዱ። አንዱን ጫፍ በኔ መዳፍ፣ ሌላውን በጓደኛዬ መዳፍ እናሳርፋለን። አንጨብጠውም፣ በመገፋፋት ብቻ ነው የሚቆመው። አሁን እሱ ይሄዳል፣ እኔ እከተላለሁ። ከቀረብኩ ክንዴ ይታጠፋል፣ ከራቅኩ ሽመሉ ይወድቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽመሉ መሬት ላይ የዋለበት ጊዜ ይበልጣል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሳታስቡት፣ ጓደኛችሁ ከመነሳቱ በፊት ትከሻው ሲከብድ ይሰማችኋል። ሽመሉ ይነግራችኋል። እዚያ ስትደርሱ ለምን ይህን ስፖርት እንደምወደው ይገባችኋል።

ሁለተኛው የጓንት ልምምድ ነው። ጓደኛችሁ ጓንት በትከሻው ከፍታ ይዞ ይቆማል። እናንተ በላንጅ ርቀት ላይ ናችሁ። ይለቀዋል፤ መሬት ሳይነካ በላንጅ ትቀልቡታላችሁ። ቀልባችሁ ስትጨርሱ ግማሽ ጫማ ራቁ። የማትደርሱበት ቦታ ላይ ስትደርሱ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የእናንተ የመውጊያ ርቀት እሱ ነው። ከዚያ በላይ ስትሆኑ ማንም አይነካችሁም፣ እናንተም አትነኩም። የኔ ምልክት በሁለት ወር ውስጥ ከአንድ ስንዝር በላይ ወደ ኋላ ሄዷል።

እጅና ለስላሳው ጎራዴ

አያያዙን ስንለማመድ የረዳን ያው ስኒ ነው። ትኩስ ቡና የያዘች፣ ጆሮ የሌላት ስኒ እንዴት ነው የምትይዙት? በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ይደግፋሉ እንጂ አይጨምቁም። ፎይልም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ጣቶች ይመራሉ፣ ሦስቱ ያግዛሉ። የመጥረቢያ አያያዝ ከያዛችሁ ክንዳችሁ ይደክማል፣ ጫፉም አቅጣጫ አይጠብቅም።

እውነተኛው መሣሪያ እስኪመጣ ለስላሳ ሥሩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገባበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ሜትር ቁረጡ። ሁለቱንም አፍ በጨርቅና በናስትሮ ድፈኑ፣ የተቆረጠ ፕላስቲክ ጫፉ ይቆርጣል። ከእጀታው በቀር ሙሉውን በስፖንጅ ጠቅልሉ። ጫፉ ላይ ከዓይን ጉድጓድ የሚበልጥ፣ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወፍራም የስፖንጅ ቡጥ እሰሩ። ከ500 ግራም እንዳይበልጥ በሱቅ ሚዛን መዝኑት። ቱቦው ከተሰነጠቀ ይጣላል፤ አይጠገንም። እንጨት ከሆነ ደግሞ ወይራን ተዉት፤ ለሽመል ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን ከባድና ጠንካራ ነው። ባሕር ዛፍም ይሰነጠራል።

ከዛፍ ወይም ከበር ጉበን ላይ የካልሲ ኳስ በክር አንጠልጥሉ። ቆማችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጫፉን አስነኩት። ሲረጋ ደግሞ። በተከታታይ አሥር ጊዜ ስትነኩት በአንድ እርምጃ፣ ከዚያ በላንጅ። ጭድ የሞላ ጆንያ ላይ በከሰል ክብ ሥላችሁም ልትወጉ ትችላላችሁ።

ከጓደኛ ጋር ደግሞ መመከትን ቀስ ብላችሁ ተለማመዱ። ለጀማሪ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ደረት በኩል የሚጠርገው ካርት፣ ወደ ውጭ የሚጠርገው ሲክስት። የባላጋራን ጎራዴ አትምቱት፤ በጠንካራው ክፍል፣ ከእጀታው አጠገብ፣ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። ከመከታችሁ በኋላ ወዲያው መልሳችሁ ውጉ። መልሱ ሪፖስት ይባላል። ማን እንደሚወጋና የት እንደሚወጋ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ደረትና ክንድ ብቻ ይሁን፣ ፍጥነቱም የእርምጃ ያህል። ነፃ ግጥሚያ ገና ነው።

ማስክ

እዚህ ላይ ልበ ደንዳና ነኝ። ማስክ ከሌለ ነፃ ግጥሚያ የለም። በለስላሳውም ቢሆን።

አንድ ጊዜ ትዕግሥት አጣን። ብረት የሚበይድ ወዳጃችን ከመስኮት ወንፊት ሽቦ ሁለት ማስክ ሠራልን። ሲታይ ያምራል፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ከውስጥ ስፖንጅ አለው። ጓደኛዬ ከማጥለቁ በፊት አውራ ጣቴን ሽቦው ላይ አሳርፌ ጫን አልኩት። ጎደጎደ። አልጠነከርኩበትም፣ ሊጥ የምጫን ያህል ነው። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ልክ ግራ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ሁለታችንም ዝም አልን። የዚያን ቀን ወደ እግር ሥራ ተመለስን፤ ማስኮቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቀሩ።

የፌንሲንግ ማስክ ሽቦ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ2.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በ12 ኪሎ ኃይል ሾጣጣ ብረት ተጭኖበት ይፈተሻል። ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ በዓለም ሻምፒዮና፣ የሶቪየቱ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ቭላዲሚር ስሚርኖቭ የባላጋራው ፎይል ተሰብሮ ማስኩን ዘልቆ ገብቶበት ሞተ። ከዚያ በኋላ ማስኩም ልብሱም የጎራዴው ብረትም በጣም ጠነከረ። ዛሬ ስፖርቱ ከብዙ ስፖርቶች ይልቅ ደህና የሆነው በዚያ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ስታጠራቅሙ የመጀመሪያው ግዢ ማስክ ነው። ሁለት፣ ለእናንተና ለጓደኛችሁ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። የተጠቀሙበት ከሆነ ሽቦውን በብርሃን አንጻር እዩት፤ ዝገት፣ የጎደጎደ ቦታ፣ የተላቀቀ ሽቦ ካለበት በነፃም ቢሆን አትቀበሉት። አጥልቃችሁ ጭንቅላታችሁን ወዘወዙ፤ ከተንሸራተተ ልካችሁ አይደለም። አንገት የሚሸፍነው ጨርቅ የግድ ይኑረው።

ቀጥሎ ለመሣሪያ እጅ ጓንት። ከዚያ ጃኬት፣ ከጃኬቱ ሥር ደግሞ ብብትና ጎን የሚሸፍነው ፕላስትሮን። ጃኬቱ ላይ 350 ወይም 800 ኒውተን የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ጨርቁ የሚቋቋመው ኃይል ነው፣ ለጀማሪ 350 ይበቃል። ስታዝዙ ቀኝ ወይስ ግራ እጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ዚፑ ከመሣሪያው እጅ ተቃራኒ በኩል መሆን አለበት። ለሴቶች የደረት መከላከያ ግዴታ ነው። መሣሪያው ከሁሉም በኋላ ይመጣል። የብረቱ ርዝመት በቁጥር ነው፤ አዋቂ ቁጥር 5 ይገዛል፣ ትንንሽ ልጆች ቁጥር 0። ብረቱ ከተሰበረ፣ ወይም ስለታም እጥፋት ካበጀ፣ በዚያው ቅጽበት ቁሙ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ

14 ሜትሩን በኖራ አስምሩ። ከመሃል በሁለቱም ወገን 2 ሜትር ላይ መነሻ መስመር አድርጉ። ግጥሚያው እስከ 5 ነጥብ ወይም 3 ደቂቃ ነው። በጀርባችሁ ከፒስቱ ጫፍ በሁለት እግር ከወጣችሁ ባላጋራችሁ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ማፈግፈግ መጨረሻ አለው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስካችሁን አውልቃችሁ መሣሪያውን ወደ ፊታችሁ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ሰላምታ ስጡ። ለባላጋራ፣ ለዳኛ፣ ለሚያይ ሰው። ስትጨርሱም እንዲሁ። ይህ ሕግ ነው። እኛ አገር ሰላምታ ሳይጨርሱ ወሬ አይጀመርም፣ ስለዚህ አይከብዳችሁም።

የኤሌክትሪክ ምልክት ሰጪ ስለሌላችሁ ጠመኔ ተጠቀሙ። የለስላሳውን ጎራዴ ቡጥ ጠመኔ ዱቄት ውስጥ ነክራችሁ ጥቁር ልብስ ልበሱ። የተነካው ቦታ ነጭ ክብ ያወጣል። ኤሌክትሪክ በኦሎምፒክ ኤፔ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፣ በፎይል በ1956፣ በሳብር በ1992። ከዚያ በፊት ዓለም ሁሉ በዓይንና በሐቀኝነት ነበር የሚዳኘው። እኛም የተነካ ሰው ራሱ «ተነካሁ» እንዲል ተስማምተናል። የመጀመሪያ ጊዜ ማለት ይተናነቃል። ከዚያ ይቀላል።

የኤፔን ሕግ ጥቂት ወራት ከተጫወታችሁ በኋላ ወደ ፎይል ቅድሚያ ግቡ። የድሮውን በልሃ ልበልሃ አስቡ። ከሳሽ ተናግሮ ሳይጨርስ ተከሳሽ ቢጮህ አይሰማም። መጀመሪያ የቀረበበትን ነገር ማፍረስ አለበት፣ ከዚያ ተራው የሱ ይሆናል። ቅድሚያ እንዲሁ ነው። ክንዱን ዘርግቶ ወደፊት የመጣው ቃሉን ይዟል። እሱን ሳትመክቱ ብትወጉና ሁለታችሁም ብትነካኩ ነጥቡ የሱ ነው። ከመከታችሁ ወይም ካሳታችሁት ቃሉ ወደ እናንተ ይዞራል። አሁን ሪፖስቱን እሱ መመከት አለበት። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልፋል።

ይህን ለመማር ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሦስተኛው ሰው ሲገኝ ማረፊያ ወንበር አትስጡት፤ ዳኛ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ የሆነውን ጮክ ብሎ ይተርክ፦ «ጥቃት ከቀኝ፣ ተመከተ፣ መልስ ከግራ፣ ነካ።» ተራ በተራ ዳኙ። መዳኘት ዓይንን የሚያሠለጥነውን ያህል መጋጠም አያሠለጥንም።

ስትጨርሱ ማስኩን ቦርሳ ውስጥ አትዝጉት፤ ላብ ሽቦ ያዝጋል። ውስጡን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አስጡት፣ የመሣሪያውን ብረት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

የኛ ሦስተኛ ሰው የተገኘችው ባለፈው ዓመት ነው፤ የኮምቦልቻው ጓደኛዬ ታናሽ እህት። እሑድ እሑድ ከወንድሟ ጋር ሀረጎን በሚኒባስ ትወጣለች፣ የገዛናቸው ሁለት ማስኮች እሷ ጭን ላይ ናቸው። ግቢው ውስጥ በኖራ መስመሩ ጎን ትቆማለች፣ ሁለታችንንም ታያለች፣ እጇን ታነሳለች፣ በፈረንሳይኛ የዳኛውን ጥሪ ታሰማለች፦ ተዘጋጁ፣ ዝግጁ ናችሁ፣ ጀምሩ። «አን ጋርድ! ፕሬ? አሌ!»